ቅርንጫፉን የሰካሁት እኔ ነኝ

ወገኖቼ፣ የአዲስ አበባ ሰዎች፣ ይህን የምጽፈው ተቆጥቼ ነው። ከሁሉ በፊት የተቆጣሁት ደግሞ በራሴ ነው።

በጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ያልቃል። ከዚያ የሪፖርት ሰሞን ይመጣል። አንድ የሐምሌ ቀን ጠዋትም ቁርስ እየበላሁ የከተማዋን የዓመት ሥራ በራዲዮ እሰማ ነበር። ይህን ያህል ኪሎ ሜትር የእግረኛ መንገድ፣ ይህን ያህል የመንገድ መብራት፣ ይህን ያህል የሕዝብ መጸዳጃ፣ በየትምህርት ቤቱ የሚመገቡ ይህን ያህል ተማሪዎች። ደስ እያለኝ ነበር የማዳምጠው። አዲሱ የእግረኛ መንገድ እኛም ሰፈር ደርሷል። ሰፊ ነው። መሐል ለመሐል ጎርበጥ ጎርበጥ የሚል ቢጫ ንጣፍ አለው። ዓይነ ስውራን በበትራቸው እየዳሰሱ እንዲሄዱበት የተነጠፈ ነው።

ቢጫው መስመር ላይ አንድ የማንሆል ክዳን ነበር፤ የብረት። በአንድ ሌሊት ጠፋ። ማን እንደወሰደው አላውቅም። የት እንደሚሸጥ ግን ሁላችንም እናውቃለን። ብረት በኪሎ ይሸጣል። የሚገዛውም ሰው ምን እንደሆነ እያየ ነው ሚዛን ላይ የሚያወጣው።

በነጋታው ወደ ታክሲ ተራ ስሄድ ጉድጓዱን አየሁት። ደነገጥኩ። ከአጥር ዳር የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ ሰብሬ ሰካሁበት። የአገራችን ምልክት ነው፤ መኪና ሲበላሽም አስፋልት ላይ ቅጠል እንጥላለን። እጄን አራግፌ ሄድኩ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ትልቅ ሥራ የሠራሁ ነበር የመሰለኝ። የወረዳው ጽሕፈት ቤት ከዚያ በእግር 7 ደቂቃ ነው። አልሄድኩም።

አራት ቀን አለፈ። የሐምሌ ዝናብ ቅርንጫፉን ደበደበው። ጠወለገና ጎንበስ ብሎ ጉድጓዱ አፍ ላይ ተኛ። ስንቶቻችን በዚያ አለፍን! ሁላችንም ዞር ብለን አለፍነው። ዓይን አለና።

በአራተኛው ቀን ራዲዮውን ዘግቼ ወጣሁ። ከፊቴ ሃያ እርምጃ ያህል ራቅ ብለው ነጭ በትር የያዙ ጎልማሳ ሰው ይሄዳሉ። በትሩ ቢጫው ላይ ጧ፣ ጧ ይላል። ቅርንጫፉ ጋ ሲደርስ ቆመ። ዳሰሱት። ቅጠል ነው። አትክልት የሚከረክሙት ሠራተኞች የጣሉት መሰላቸው። ይህን ኋላ ነው የነገሩኝ። እግራቸውን ከፍ አድርገው ሊሻገሩት ሞከሩ።

መጮህ ነበረብኝ። አፌ ተከፈተ፣ ድምፅ ግን አልወጣም።

እስከ ብብታቸው ገቡ። ቀድሞ የደረሰው ሊስትሮው ልጅ ነው፣ ሳጥኑን ጥሎ። ለአራት ሆነን አወጣናቸው። ሱሪያቸው ጭቃ ጠጥቷል። ቀኝ እግራቸው ከጉልበት በታች ተሰብሯል። በእጃቸው መሬቱን እየዳሰሱ በትራቸውን ይፈልጉ ነበር። አልሰደቡንም። «እኔ እኮ መስመሩን አልለቀቅኩም» አሉ፣ እንደ ጥፋተኛ ሰው። ደግመውም አሉት። «ቢጫውን አልለቀቅኩም።»

ሰው ተሰበሰበ። አንዱ «አይ መንግሥት!» አለ። ሌላው «ወሬ ብቻ!» አለ። እኔም ራሴን ነቀነቅኩ። የሱቁ ባለቤት «ቅጠል እኮ ተደርጎበት ነበር» ሲል ግን አንገቴን ደፋሁ። የኔ ነው አላልኩም። ይህን ዝምታዬን ነው ይቅር ማለት ያቃተኝ።

ያ ቅጠል የተሰካው ለማን ነበር? እንደኔ ለሚያይ ሰው። መንገዱ ላይ ያ መስመር የተነጠፈላቸው ሰዎች ትዝ እንኳ አላሉኝም።

ወገኖቼ፣ አስተዳደሩን እንጠይቅ፣ መብታችን ነው። ሪፖርት የተነጠፈውን ይቆጥራል፣ የተነቀለውን አይቆጥርም። ያን ክዳን ግን የወሰደው ከመሐላችን አንዱ ነው። ከ2016 ጀምሮ ከአራት ኪሎ ፒያሳ፣ ከቦሌ ድልድይ መገናኛ ለመንገድ ሥራ የፈሰሰው ገንዘብ ከኪሳችን የወጣ ነው። የከፍተኛ ኃይል መስመር ምሰሶ ብረት ተፈትቶ ይሸጣል፣ ከዚያ መብራት ጠፋ ብለን እናማርራለን። መጸዳጃ ቤቱ አጠገብ ቆመን ግድግዳ ላይ እንሸናለን። «የመንግሥት ነው» እንላለን። የማንም አይደለም ማለታችን ነው።

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ እየተባልን ነው ያደግነው። በዚያ ጉድጓድ ዳር ከሃምሳ በላይ ሆነን አልፈናል። አንዲት ሎሚ ያነሳ አልነበረም።

ሰውየው በወደቁ በሦስተኛው ቀን ሆስፒታል ሄጄ ጠየቅኳቸው። መምህር ናቸው። እግራቸው ጄሶ ውስጥ ነው። ቅርንጫፉን የሰካሁት እኔ እንደሆንኩ፣ ከዚያም ዝም እንዳልኩ ነገርኳቸው። ለጥቂት ጊዜ ምንም አላሉም። ከዚያ «አሁን ተከድኗል?» ብለው ጠየቁኝ።

አልተከደነም ነበር።

እናንተዬ፣ ያ ሁሉ ሆኖ፣ ሰው ወድቆ፣ ያ ሁሉ ሕዝብ አዝኖ፣ ጉድጓዱ አሁንም አፉን ከፍቶ ነበር። በእኔም ቅርንጫፍ ላይ ሌላ ሰው ሌላ ቅርንጫፍ ጨምሮበታል። ከሆስፒታሉ በቀጥታ ወረዳ ሄድኩ። ማመልከቻ ጻፍኩ። በሁለተኛው ቀን ክዳን መጣ፤ የሲሚንቶ ነው፣ ማንም አይሸጠውም። ሁለት ቀን ብቻ! ከእኛ የሚጠበቀው አንድ ሰው 7 ደቂቃ በእግሩ መሄዱ ብቻ ነበር።

አሁን ከጎሚስታው ፊት ለፊት ያለው ሌላ ክዳን ሲረገጥ ይንገጫገጫል። ትናንት ወረዳ ሄጄ ነበር። ኃላፊዋ ስብሰባ ላይ ናቸው ተባልኩ። ዛሬም ሄድኩ፣ አልተመለሱም። ነገ እሄዳለሁ። ደክሞኛል፣ ግን እሄዳለሁ። በዚያ በኩል የምታልፉ ካላችሁ፣ እባካችሁ እናንተም ጎራ በሉ፣ ሁለት ሦስት ሰው ሲጠይቅ ሳይሻል አይቀርም። መስከረም ትምህርት ሲከፈት መምህሩ በዚያ ነው የሚያልፉት።