«ኩላሊትዎ ደክሟል» ከማለት በፊት

ባለፈው ዓመት አረፋ ካለፈ በሦስተኛው ቀን አባቴን ከኩታበር ደሴ ይዤው መጣሁ። ዕድሜው 74 ነው። ጉልበቱን ከማመሙ በቀር ይህ ነው የሚባል በሽታ የለበትም፤ «ድካም በዛብኝ» ስላለ ነው ያመጣሁት። አንድ የግል ክሊኒክ ውስጥ ደም ሰጠ፤ ከሰዓት በኋላ ወረቀቱ ወጣ። ክሪያቲኒን በሚለው መስመር ላይ 1.4 ተጽፎ ወደ ላይ የሚያመለክት ቀስት ተደርጎበታል። ወረቀቱን የሰጠን ባለሙያ ቀና ብሎ እንኳ ሳያየን «ኩላሊታቸው ደክሟል፤ ትልቅ ሆስፒታል ውሰዷቸው» አለን። ሌላ የተነገረን ነገር የለም።

ያን ዕለት ማታ ቤታችን ለቅሶ ቤት መሰለ። እኛ ዘንድ «ኩላሊት» ከተባለ ቀጥሎ የሚመጣው ቃል «እጥበት» ነው፤ ከእጥበት ቀጥሎ አዲስ አበባ፣ ከዚያ የበሬ ሽያጭ። ወንድሜ ለአጎቶቻችን መደወል ጀመረ። አባቴ ብቻ «ከአላህ የመጣ ነው፤ ልጆቹን አታስጨንቁ» ብሎ ጋቢውን ተከናንቦ ተኛ።

በማግስቱ ያገኘናቸው ሐኪም ወረቀቱን አየት አድርገው አስቀመጡትና ወደ አባቴ ዞሩ። «አባባ፣ ሰሞኑን ምን ሲበሉ ሰነበቱ?» «የአረፋ ሥጋ ነዋ!» «ለጉልበትዎስ ምን ይወስዳሉ?» አባቴ ከኪሱ ማሸጊያውን አወጣ። ዲክሎፌናክ ነው፤ ከመድኃኒት ቤት ያለ ማዘዣ እየተገዛ ሦስት ሳምንት ሙሉ ጠዋትና ማታ ሲውጠው ኖሯል። ውሃም እምብዛም አይጠጣም። ሐኪሙ ክኒኑን አስቆሙት፤ ሕመሙ ሲበረታ ፓራሲታሞል እንዲወስድ፣ ከምርመራው በፊት ሥጋ እንዳይበላ ነግረው በሁለት ሳምንት ቀጠሩት። ሁለተኛው ውጤት 1.1 ሆነ። ሽንቱም ታይቶ ፕሮቲን አልተገኘበትም።

አባቴ ዳነ ብዬ ላወራ አይደለም፤ መጀመሪያውኑ በዚያ አንድ ወረቀት ታሟል መባል አልነበረበትም። ያ ወረቀት ግን በተቃራኒው በኩልም ያታልላል፤ እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝም ይኸኛው ነው።

ክሪያቲኒን ከጡንቻ የሚወጣ ቆሻሻ ነው፤ ኩላሊት ከደም አጣርቶ በሽንት ያስወግደዋል። ኩላሊት ሲደክም ደም ውስጥ ይጠራቀማል። እንግዲህ ደም ውስጥ የሚገኘው መጠን በአጣሪው ብቻ አይወሰንም፤ የሚያመነጨው ጡንቻም ድርሻ አለው። ጡንቻው የሟሸሸ ሽማግሌ የሚያመነጨው ትንሽ ስለሆነ ኩላሊቱ ቢደክምም ቁጥሩ ዝቅ ብሎ ሊታይ ይችላል። የበሰለ ሥጋ የበላ ሰው ደግሞ ለጥቂት ሰዓታት ቁጥሩ ከፍ ይላል፤ ሥጋ ሲበስል በውስጡ ያለው ክሪያቲን ከፊሉ ወደ ክሪያቲኒን ይለወጣልና።

ለዚህ ነው ዕድሜንና ጾታን ከክሪያቲኒኑ ጋር አስገብቶ ኩላሊት በደቂቃ ምን ያህል እንደሚያጣራ የሚገምት ስሌት የተሠራው። የማጣሪያው መጠን ጂኤፍአር ይባላል። እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣውን ቀመር ይዤ የቤተሰቤን ቁጥር አሰላሁ። ኮምቦልቻ የሚሠራው የወንድሜ ልጅ 25 ዓመቱ ነው፤ የሱ ክሪያቲኒን 1.1 ቢሆን ኩላሊቱ በደቂቃ 95 ሚሊ ሊትር ገደማ ያጣራል ማለት ነው። የአባቴ 1.1 ወደ 70 ይመጣል። ሐይቅ ያለችው አክስቴ 80 ዓመቷ ነው፤ ስኳርና ግፊት አለባት፤ ሰውነቷ አልቆ ነጠላዋ ብቻ የምትራመድ ይመስላል። በየካቲት ወር ተመርምራ የሷም 1.1 ነበር። ሲሰላ 51 ይሆናል። በሰውነቷ መክሳት ምክንያት እውነተኛው ከዚያም ሊያንስ ይችላል። አንድ ቁጥር፣ ሦስት የተለያየ ኩላሊት! የአክስቴ ወረቀት ላይ ግን የላቦራቶሪው ወሰን እስከ 1.2 ስለሚል ቀስትም ምልክትም አልነበረበትም። «ኖርማል ነው» ተብላ ተመለሰች።

እዚህ ላይ የማምንበትን በግልጽ ልናገር። ክሪያቲኒን የሚለካ ላቦራቶሪ ሁሉ ከጎኑ ጂኤፍአሩን መጻፍ አለበት። ተጨማሪ ደም አይፈልግም፤ ተጨማሪ ኬሚካል አይፈልግም። ዕድሜና ጾታ ካርዱ ላይ ተጽፏል፤ ስሌቱን ስልክ ይሠራዋል። ደሴም፣ ወልድያም፣ መካነ ሰላምም ዛሬውኑ ሊደረግ የሚችል ነገር ነው። ከገጠር ተነስቶ፣ መኪና ተጋፍቶ፣ ከፍሎ ለመጣ አዛውንት ግማሽ ውጤት ሰጥቶ መሸኘት ልክ አይደለም።

ጂኤፍአሩ ሲጻፍ ደግሞ ሌላ ድንጋጤ እንዳይመጣ መጠንቀቅ ያሻል። ከ60 በታች ሆኖ ከሦስት ወር በላይ ከቆየ የቆየ የኩላሊት ሕመም ይባላል። ሦስት ወር የተባለው ያለ ነገር አይደለም፤ ተቅማጥ፣ ትኩሳት፣ የውሃ ጥማት፣ እንደ አባቴ ያለ የሕመም ማስታገሻ ቁጥሩን ለሳምንታት ሊያዛቡት ይችላሉ። ከ40 ዓመት ወዲያ ጂኤፍአር በአማካይ በዓመት ወደ 1 ገደማ እየቀነሰ ይሄዳል፤ ስለዚህ በ80 ዓመት ከ60 በታች መውረድ ብርቅ አይደለም። አንዳንድ የኩላሊት ሐኪሞች ዕድሜው ከ65 ለገፋ ሰው ወሰኑ 45 ይሁን ብለው ይሟገታሉ። እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ ግን ሽንቱ ውስጥ ፕሮቲን የሌለበትንና ቁጥሩ ለዓመታት ከ50 ብዙም ያልተነቃነቀን ሽማግሌ «በሽተኛ» ብሎ ማስደንገጥ ምን እንደሚጠቅመው አይታየኝም። የሚጠቅመው መድኃኒቱን በልኩ ማድረግ ነው። ሜትፎርሚን የተባለውን የስኳር መድኃኒት የሚወስድ ሰው ጂኤፍአሩ ከ45 ሲወርድ መጠኑ እንደገና ይታያል፤ ከ30 በታች ሲሆን ይቆማል። ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ደግሞ ለደከመ ኩላሊት፣ በተለይም የግፊት ክኒን ለሚውጥ ሽማግሌ፣ ጠላት ናቸው። በየመድኃኒት ቤቱ እንደ ከረሜላ መሸጣቸው ያንገበግበኛል።

የግፊቱን ክኒን በራሳቸው ያቆሙም አውቃለሁ። ኢናላፕሪል በተጀመረ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ክሪያቲኒን ትንሽ ከፍ ማለቱ የተለመደ ነው፤ እስከ 30 በመቶ ድረስ ከሆነ ሐኪሞች እየተከታተሉ ያስቀጥሉታል። ወረቀቱን ብቻ አይቶ «ኩላሊቴን ገደለኝ» ብሎ የጣለው ሰው ኩላሊቱን የሚጠብቅለትን መድኃኒት ነው የጣለው።

ደግሞ ወገባችንን ባመመን ቁጥር «ኩላሊቴን» እንላለን። የቆየ የኩላሊት ድካም አብዛኛውን ጊዜ አያምም፤ እስኪገፋ ድረስ ድምፁ አይሰማም። ስለዚህ ያላመመው ሁሉ ደኅና ነው ማለት አይቻልም፤ ወገቡን ያመመውም ኩላሊቱ ተበላሽቷል ማለት አይደለም። ሽንት ድንገት ከቀነሰ፣ ፊትና እግር ካበጠ፣ ማስመለስ ካልቆመ፣ ወይም ክሪያቲኒኑ በቀናት ውስጥ እጥፍ ከሆነ ግን ሦስት ወር አይጠበቅም፤ ያኑ ዕለት ሐኪም ዘንድ መሄድ ነው።

አባቴ አሁን ወረቀቶቹን በአንድ ፌስታል አድርጎ ሳጥን ውስጥ ያኖራቸዋል። 1.4፣ 1.1፣ ከዚያ ከስድስት ወር በኋላ እንደገና 1.1። አዲስ ሐኪም ፊት ሲቀርብ ከአፉ በፊት ፌስታሉን ነው የሚዘረጋው፤ ሐኪሞቹም ደስ ይላቸዋል፤ ቁጥሩ ቆሟል ወይስ እየሄደ ነው የሚለውን በአንድ እይታ ያዩታልና።

የአክስቴን ፌስታል በግንቦት ሐይቅ ሄጄ አገላበጥኩት። የአሥራ አንድ ዓመት የስኳር ክትትል ወረቀት አለ። የደም ስኳር፣ ግፊት፣ ክብደት በየቀጠሮው ተጽፏል። ስኳር ያለበት ሰው በየዓመቱ ሽንቱ ውስጥ አልቡሚን የተባለው ፕሮቲን መኖር አለመኖሩ መታየት አለበት፤ ኩላሊት መጎዳት ሲጀምር ብዙ ጊዜ ክሪያቲኒን ሳይነቃነቅ ቀድሞ የሚናገረው እሱ ነውና። ከወረቀቶቹ በአንዱም ላይ አላገኘሁትም። «እታለም፣ ሽንት ስጪ ብለውሽ አያውቁም?» አልኳት። «ኧረ አንድም ቀን!» አለችኝ። ቀጠሮዋ ሐምሌ 9 ነው፤ አብሬያት እገባለሁ።