ማስተካከያ፦ ነጭ ሆኖ ስለሚመጣው የቧንቧ ውሃ

ስለ ፈረቃ ውሃ ቀደም ብዬ ስጽፍ «ውሃው ሲመለስ ወተት የሚመስለው ክሎሪን በዝቶበት ነው» ብዬ ነበር። ተሳስቻለሁ፣ ይቅርታ። አብዛኛውን ጊዜ አየር ነው። መስመሩ ባዶ ሲሆን አየር ይገባል፤ ውሃው በግፊት ሲመጣ ደቃቅ አረፋ ይዞ ይወጣል። በብርጭቆ ቅዱና ጠብቁ። ከታች ወደ ላይ እየጠራ ከሄደ አየር ነው። ዝቃጭ ከቀረ ግን ዝገት ወይም ደለል ሊሆን ይችላል።

ክሎሪንማ ይበልጥ የሚያሰጋው ሲያንስ ነው። ግፊት ሲጠፋ በተሰነጠቀ ቧንቧ ቆሻሻ ሊሰርግ ይችላል፤ ያኔ የሚከላከለው በውሃው ውስጥ የቀረው ክሎሪን ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ውሃው ተጠቃሚው ጋ ሲደርስ በሊትር ቢያንስ 0.2 ሚሊግራም እንዲኖር ይመክራል። እኔ ቀደም ብዬ ለዚሁ የጻፍኩት 0.5 ሚሊግራም ግን፣ ክሎሪን ውሃው ላይ ከተጨመረ ቢያንስ ከ30 ደቂቃ በኋላ ለሚለካው መጠን ነው። ሁለቱን አምታትቻቸዋለሁ።