ማጨብጨቡ ይብቃን

ወሎዬዎች፣ ዛሬ ልቆጣችሁ ነው።

ቀበሌ ስብሰባ ሲጠራ የምናደርገውን ታውቃላችሁ። ከመድረክ ዕቅድ ይነበባል። ኋላ የተቀመጠው ስልኩን ይነካካል። አስተያየት ሲባል አንዱ ለሰፈሩ ኮብልስቶን ይጠይቃል፣ ሌላው የውሃ ቆጣሪ። ከዚያ ጭብጨባ። አገሪቱ ወዴት ትሂድ ብለን የምንከራከረው ማታ፣ ቡናው ቶና ላይ ሲደርስ ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ!

ኧረ ተዉ! ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 43 ላይ፣ በሚነካን ፖሊሲና ፕሮጀክት አስተያየታችን ሊጠየቅ ይገባል ይላል። አንቀጽ 89 ደግሞ የልማት ፖሊሲ ሲወጣ ሕዝብ እንዲሳተፍ ያዛል። ይህን መብት ለማን ትተነው ነው?

ዝም ማለት የማያምርብን እኛ ነን። ደርግም ከ1977 የሚጀምር የ10 ዓመት መሪ ዕቅድ ነበረው። ዕቅዱ ሲጀመር ወገናችን ኮረም ሜዳ ላይ በረሃብ ይረግፍ ነበር። ከዚያ ወዲህ፣ የአገር ዕቅድ ሲነደፍ «መጀመሪያ አፈርና ውሃ» ብሎ መጮህ የወሎ ሰው ግዴታ ነው። የኮምቦልቻው ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2009 ሲመረቅ ደስ ብሎኛል፤ ሥራ ያስፈልገናል። ግን የቆቦና የአምባሰል ገበሬ ዝናብ ሲቀር ባዶ እጁን ከቀረ ፋብሪካ ብቻውን አያድነንም። በየበጋው በዘመቻ የምንሠራው እርከንስ? ከብት እንለቅበታለን፣ ክረምት ላይ ይናዳል። ይሄ የራሳችን ጥፋት ነው።

ስለ ባህል ማንሳት ደግሞ እርግፍ አድርገን ትተናል። ባቲና አምባሰል የቅኝት ስም ሆነው የአገር ሙዚቃ ይሸከማሉ። ልጆቻችን ትምህርት ቤት ይማሯቸዋል ወይ ያለ ሰው አልሰማሁም። የሐይቅ እስጢፋኖስን ብራና፣ የዳናንና የጃማ ንጉሥን መንዙማ ለልጅ ልጅ የሚያቆይ በጀት የጠየቀስ ማነው? እንግዳ ሲመጣ ማስጨፈር ባህል መጠበቅ አይደለም።

የአሁኑ የ10 ዓመት ዕቅድ በ2022 ያልቃል። ቀጣዩ ሳይጻፍ እንንቃ። ቅሬያችን፣ ማለትም ዕድራችን፣ ሙስሊም ክርስቲያን ሳይል ያሰባስበናል፤ አንድ እሁድ ለዚህ ይሰጠን። ሴቶቹ ቀድመው ይናገሩ፣ ውሃ ፍለጋ የሚንከራተቱት እነሱ ናቸው። የሰፈሩ መምህር ይጻፍ። የሚቀድሙትን ሦስት ጉዳዮች ተስማምተን፣ ፈርመን ለወረዳውና ለምክር ቤት ተወካያችን እናስገባ። ማህተም ያረፈበትን ቅጂ ሳንቀበል ከቢሮው አንውጣ።