ወተቱን ደብቁት ፊልም ሊወጣ ነው

ደቡብ ህንድ ቼናይ ውስጥ ትልቅ ፊልም ሊወጣ ሲል ከፕሮዲውሰሩ በላይ እንቅልፍ የሚያጣው ወተት ነጋዴው ነው። አትሳቁ እውነቴን ነው። የታሚል ፊልም አፍቃሪ የሚወደው አክተር ፊልም የወጣ ቀን ሲኒማ ቤቱ በር ላይ ፎቅ የሚያህል የጣውላ ምስሉን ያቆምና እላዩ ላይ ተንጠላጥሎ ወጥቶ ከአናቱ ጀምሮ ወተት ያፈስበታል፣ ልክ ቤተ መቅደስ ውስጥ ለአማልክቱ እንደሚያደርጉት። በ2019 (ዓመቱ ሁሉ በፈረንጅ ነው እንዳትጣሉኝ) የወተት ነጋዴዎቹ ማህበር ጭራሽ ፖሊስ ጋ ሄዶ ወተታችን እየተሰረቀ ነው ድረሱልን ብሏል። መርማሪው "ሌባው ወተቱን ምን አደረገው?" ሲል "ጣውላ አጠጣበት ጌታዬ" የሚለውን ምስክር እስቲ አስቡት።

እኛ የህንድ ፊልም ብለን አንድ ላይ ስለምንጠቀልለው ነው እንጂ ይሄኛው ቦሊውድ አይደለም፣ ኮሊውድ ነው፣ ኮዳምባካም ከሚባል የቼናይ ሰፈር የወጣ ስም። ንጉሱ ደሞ ራጂኒካንት። ሰውየው ባንጋሎር አውቶቡስ ላይ ቲኬት ቆራጭ ነበር፣ ትክክለኛ ስሙ ሺቫጂ ራኦ ጋይክዋድ፣ ቤተሰቡም ማራቲ እንጂ ታሚል አይደለም፣ በ1975 ፊልም ጀመረ በቃ አለቀ። ፊልም ላይ ሲገባ መጀመሪያ ጫማው ይታያል፣ ቀጥሎ እጁ፣ ቀጥሎ መነጽሩ፣ ፊቱ እስኪመጣ ሲኒማ ቤቱ በፉጨት ተደባልቆ ዲያሎግ የሚባል ነገር አይሰማም፣ የሚሰማውም የለም። የሚገርመኝ ግን ከፊልም ውጪ ሰውየው ራሰ በራ ነው፣ ነጭ ጺሙን ይዞ ነጭ ሽርጡን አገልድሞ ዘና ብሎ ይሄዳል፣ አይደብቅም። ፊልም ላይ ጸጉሩ ይመለስና የልጁ እኩያ የሆነች ልጅ ታፈቅረዋለች፣ ተመልካቹ ሁለቱንም ያውቃል፣ ቅር አይለውም። (የኛዎቹ አርቲስቶች ያለ ፊልተር በር እንኳን አይከፍቱም፣ ይቅርታ ግን።) በ2016 ካባሊ የሚባለው ፊልሙ የወጣ ቀን አንዳንድ የቼናይ መስሪያ ቤቶች ለሰራተኞቻቸው እረፍት ሰጡ። ብልህ አለቆች ናቸው፣ ካልሰጡ በአንድ ቀን ስንት አክስት ትሞታለች።

የመጀመሪያው ሾው ደሞ ከለሊቱ አስር ሰዓት ነበር የሚጀምረው። ጥር 2023 ላይ አንድ ልጅ በደስታ ሲጨፍር ከመኪና ላይ ወድቆ ሞተ፣ ይሄ እንኳን አያስቅም፣ ከዛ በኋላ የታሚል ናዱ መንግስት (ቼናይ ዋና ከተማው የሆነች ክልል ናት) ከጠዋቱ ሶስት ሰዓት በፊት የለም አለ።

መንግስት ስል ራሱ ከዚሁ ሰፈር ነው የመጣው ኮ። በ1967 ስልጣን የያዘው አናዱራይ የፊልም ጸሐፊ፣ እሱን የተካው ካሩናኒዲ የፊልም ጸሐፊ፣ ከዛ ኤም ጂ አር አክተር፣ ከዛ ጃያላሊታ የኤም ጂ አር አክትረስ። ኤም ጂ አርን በ1967 ምርጫው ሊደርስ ሲል ኤም አር ራዳ የሚባል አክተር በሽጉጥ አንገቱን መታው፣ ራዳ ፊልም ላይ በመጥፎ ሰውነት የሚታወቅ ነው፣ ስራውን ቤት ይዞት ሄደ ማለት ነው። ኤም ጂ አር አንገቱ በፋሻ ተጠቅልሎ ፎቶ ተነሳ፣ ፎቶው ፖስተር ሆኖ ተለጠፈ፣ ሆስፒታል አልጋ ላይ ተኝቶ ተመረጠ። ይሄን ስክሪፕት ብትጽፉት ዳይሬክተሩ "አጋነንከው" ብሎ ይመልስላችኋል። በ1987 ሲሞት ደሞ ሚስቱ ጃናኪና ጃያላሊታ ፓርቲውን ለሁለት ቀደዱት፣ ሁለቱም አብረውት የተወኑ ናቸው።

ራጂኒካንት ግን ፖለቲካ እገባለሁ አልገባም ሲል ሰው አርጅቶ በ2017 መጨረሻ ገባሁ አለ፣ ደጋፊው ጨፈረ፣ በ2020 መጨረሻ ጤናዬ አልቻለም ብሎ ተወው። ቪጄይ የሚባለው ሌላው ትልቅ አክተር ደሞ በ2024 ፓርቲ አቋቋመ።

እኔ የማዝነው አጂት ለሚባለው አክተር ነው። ሰውየው የሚወደው ሞተር ሳይክሉንና የመኪና ውድድሩን ነው። በ2011 የአድናቂ ክለቦቼን አፍርሻለሁ አለ፣ ማን ሰማው። በ2021 ደሞ "ታላ" አትበሉኝ፣ አለቃ እንደማለት ነው፣ አጂት በቃኝ ብሎ በጽሁፍ ለመነ። እሺ አሉት። በ2024 በየተሰበሰቡበት "አምላኬ አጂት!" እያሉ መጮህ ጀመሩ፣ ምስኪኑ ታህሳስ ላይ ሌላ ደብዳቤ ጻፈ።