ይድረስ ለክቡር ፎቶ ኮፒ፣ ባሉበት

ጉዳዩ፦ የጀርባውን ይመለከታል

ክቡርነትዎ እንደምን ከርመዋል? እኔ ከናፍቆትዎ በስተቀር ደህና ነኝ። ናፍቆቱም ቢሆን ብዙ አይቆይ፣ በሳምንት ሁለቴ መገናኘታችን አልቀረም።

የምጽፍልዎ ባለፈው ዓርብ ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር፣ ስሙን በማልጠራው አንድ መሥሪያ ቤት መስኮት ላይ ስለደረሰብኝ ነገር ነው። ጉዳዬ ትንሽ ነበረች። አንዲት የድጋፍ ደብዳቤ። ሦስት ሰዓት ላይ ተሰለፍኩ፣ አራት ሰዓት ካለፈ በኋላ ተራዬ ደረሰ። ደረቴን ነፍቼ ስልኬን አወጣሁና የፋይዳ መታወቂያዬን ከፈትኩ። ፎቶው አለ። አስራ ሁለት አሃዙ ቁጥር አለ። ኪውአር ኮዱም አለ። ልጅቷ ስልኩን አየችው፣ ከዛ እኔን አየችኝ።

«ኮፒው የታለ?»

«ዲጂታል እኮ ነው።»

«አዎ፣ የዲጂታሉ ኮፒ። መጀመሪያ ፕሪንት ታደርገዋለህ፣ ፕሪንቱ ኦሪጅናል ነው። ከዛ እሱን ኮፒ ታደርገዋለህ።»

«ሁለቴ ፕሪንት ባደርገውስ?»

«እሱማ ሁለት ኦሪጅናል ሆነ።»

ክቡርነትዎ፣ እዚህ ላይ መልስ አጣሁ። እስካሁንም አላገኘሁም።

አጠገቡ ያለው ኮፒ ቤት መብራት የለውም። ቀጥሎ ያለው መብራት አለው፣ ቀለም የለውም። ባጃጅ ይዤ የደቻቱን ወንዝ ተሻግሬ መጋላ ገባሁ። ሬዲዮው ስለ «ዲጂታል ኢትዮጵያ 2030» ያወራል። የ2025ቱ ስትራቴጂ ተራውን መጨረሱን እዛው ባጃጅ ላይ ነው ያስታወስኩት። ሾፌሩ ወደ ኋላ እንኳ ሳይዞር «በ2030 ኮፒው ከለር ይሆናል በለኛ» አለኝ።

መጋላ ያለው ኮፒ ቤት ሁለት ዋጋ አለው፣ የመብራትና የጀነሬተር። የጀነሬተሩን ከፈልኩ። ወረቀቱ ሲወጣ ፊቴ ላይ አንድ ጥቁር ክብ አለ፣ ጆሮዎቼ ብቻ ይታያሉ። «ይሄ ማነው?» አልኩት ልጁን። «አቦ፣ አንተ ነህ የጠቆርከው፣ ማሽኑ ምን ያድርግ?» አለኝ። የድሬ ፀሐይ እንዴት እንደሆነች እናንተም ታውቃላችሁ፣ አልተከራከርኩም።

ተመልሼ እንደገና ተሰለፍኩ። ዓርብ ነው፣ 5:30 ላይ መስኮቱ ይዘጋል። 5:20 ሲሆን ደረስኩ። ልጅቷ ወረቀቱን ወደ ብርሃን ከፍ አደረገችው፣ ዝቅ አደረገችው።

«ፊቱ አይታይም። አንተ መሆንህ በምን ይታወቃል?»

«እኔ እዚህ ቆሜያለሁ።»

«ወንድም፣ አንተን ክላሰር ውስጥ አልከትህ!»

ሰልፉ በሙሉ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ፣ ሰው ፊት ምን አማራጭ አለኝ? በዕድሜዬ ከወረቀት አንሼ አውቃለሁ። ከጥቁር ክብ ሳንስ ግን የመጀመሪያዬ ነው።

ከኋላዬ አንዲት እናት ነበሩ። ወረቀታቸውን በፌስታል ጠቅልለው ይዘዋል። ሲመጡ ሦስተኛቸው ነው። ሰልፉ ላይ ሲያጫውቱኝ፣ ፋይዳ ሊመዘገቡ የሄዱ ጊዜ ጣታቸው አልነበብ ብሎ ብዙ አስቸግሯቸው ነበር። ዕድሜ ልካቸውን የሰው ልብስ ሲያጥቡ የኖሩ እጆች ናቸው፣ ምን መስመር ይቀራል? እንደምንም አስሩንም ጣት ሰጡ። ሁለቱንም ዓይን ሰጡ። አሁን መስኮቱ ላይ «እማማ፣ የጀርባው የለም፣ የጀርባውን አድርገው ይምጡ» ተባሉ። ወደ እኔ ዞር አሉ።

«ልጄ፣ የማን ጀርባ?»

ማንም አልሳቀም።

እዚህ ጋ አንቱታው ይቅርብኝ። አንተ ማነህ? እኚህ ሴት በዚህ ሙቀት ስንቴ እንዲመላለሱ ትፈልጋለህ? የባጃጅ ከየት እንደሚያመጡ አስበህ ታውቃለህ? ደግሞ እዛው ነበርክ እኮ! ከልጅቷ ወንበር ጀርባ፣ በፕላስቲክ ተሸፍነህ፣ የሻይ ብርጭቆ ተጭኖብህ፣ በመስኮቱ አይቼሃለሁ። ላይህ ላይ «ለቢሮ ሥራ ብቻ» የሚል ተለጥፏል። የእኚህ እናት ጉዳይ የምን ሥራ ነው? የዲጂታል መታወቂያ አዋጁ፣ ቁጥር 1284/2015፣ ከወጣ ዓመታት አለፉ። ጣትና ዓይን ተሰበሰበ። ያንን ሁሉ የሰጠ ሰው ደግሞ በወረቀት ይለመናል። ልጅቷን አልወቅስም። ኦዲተር ሲመጣ ክላሰሩ ጎድሎ ከተገኘ የምትጠየቀው እሷ ናት። የሚያናድደኝ እሱ ነው፣ ሁላችንም ለክላሰር ነው የምንሠራው።

5:30 ሆነ። መስኮቱ ተዘጋ። «ከሰዓት ልምጣ?» አልኩ። ዓርብ ከሰዓት ድሬ ላይ ማን ምን እንደሚያደርግ ለአንባቢ መንገር ነውር ነው። ሰኞ ተባልኩ።

ወደ ክቡርነትዎ ልመለስ። የቆየ ቂም የለኝም ማለት ግን አልችልም። የኮፒ ኮፒ ብለው ያስመለሱኝን አልረሳም። ጉርድ ፎቶ ከሚባለው የአጎትዎ ልጅ ጋርም እንነጋገራለን፣ «ሦስት ወር ያልሞላው» ይሉኛል፣ ፊቴ እንደ ወተት የሚበላሽ ይመስል። ለቤት ኪራይ፣ ለሲም ካርድ፣ ለልጅ ትምህርት ቤት የሰጠሁዎትን መታወቂያዎች ብቀጥላቸው ከለገሀር ሳቢያን ያደርሳሉ።

ታሪክዎን ሳነብ ደግሞ አዘንኩልዎ። የፈጠሩዎት ቼስተር ካርልሰን የሚባሉ አሜሪካዊ ናቸው። የአንድ ኩባንያ የፓተንት ክፍል ሠራተኛ ነበሩ። ሰነድ መገልበጥ ቢሰለቻቸው፣ የመገጣጠሚያ ሕመምም ቢኖርባቸው፣ እ.ኤ.አ. በ1938 የመጀመሪያዋን ቅጂ አወጡ። ሰው እንዲያርፍ ነበር እንግዲህ! በ1959 የወጣው ታላቅ ወንድምዎ፣ ዜሮክስ 914፣ እሳት እያስነሳ ስላስቸገረ ማጥፊያ ተያይዞለት ነበር። እኛ ጋ የሚነደው ባለጉዳዩ ስለሆነ ማጥፊያውን ትተውታል።

ያን ዕለት ማታ መጋላ ወጥቼ ሳምቡሳ ገዛሁ። ሁለት በልቼ ሦስተኛውን ሳነሳ መጠቅለያው ላይ የሰው ጆሮ አየሁ። መታወቂያ ነው። የማላውቀው ሰው፣ ፊቱ ጥቁር ክብ፣ ቁጥሩ ግን ጥርት ብሎ ይነበባል። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ወጥቷል፣ ቁጥር 1321/2016። ወረቀቱ ግን ዘይቱን ጠጥቶ ጨርሷል።

ገልበጥ አደረግኩት። የጀርባውም አለ።

ከማክበር ሰላምታ ጋር

ግልባጭ፦
ለሳምቡሳ ሻጯ፣ ለመጠቅለያ