የእንቁላል ካርቶኑን አትጣሉት

በጸደይ ከልጆች ጋር ቤት ውስጥ ስለሚሠሩ የእጅ ሥራዎች ያቀረባችሁት ጽሑፍ ደስ ይላል። የወረቀት ቢራቢሮዋም ቆንጆ ናት። የእንቁላል ካርቶን አበባው ግን በሁለት መስመር መታለፉ ቆጨኝ። ከሁሉም የሚያዝናናው እሱ ነው! እያንዳንዱን ጎድጓዳ ለብቻው ቁረጡት። አራቱን ማዕዘን እስከ ግማሽ ሰንጥቁና ጫፎቹን በመቀስ ክብ አድርጉ። ከዚያ ወደ ውጭ ገፋ ስታደርጉት አበባው ይፈካል። ቀለሙ ወፈር ይበል፤ ውሃ ከበዛበት ካርቶኑ ይልፈሰፈሳል። ሲደርቅ ሥሩን ብሱና ቀጭን ሽቦ አስገቡ፤ መሃሉ ላይ የልብስ ቁልፍ ለጥፉ። መብሳቱን አዋቂ ይሥራው። የቀለም ምርጫውን ግን ለልጆቹ ተዉላቸው። ጥቁር አበባ ቢሠሩስ ምን አለበት?

በነፋስ ስለሚሽከረከረው የወረቀት መጫወቻም ትንሽ ልጨምር። ጎኑ 15 ሴንቲ ሜትር የሆነ ካሬ ወረቀት ይበቃል። ከማዕዘኖቹ ወደ መሃል ስትቆርጡ 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ሲቀር አቁሙ። ብዙ ሰው የሚረሳው ዶቃዋን ነው። በወረቀቱና በመያዣው እንጨት መካከል፣ ሁለቱን በሚያያይዘው መርፌ ላይ አንዲት ዶቃ ካልገባች ወረቀቱ እንጨቱን እየታከከ ይቆማል። ዶቃዋ ካለች በትንሽ እፍታ ይሽከረከራል።

አበባ በመጽሐፍ መሃል ስለማድረቅም ብትጽፉልን ደስ ይለኛል።