«ደህና ነኝ» ብሎ ለተቀመጠው ጓደኛችን

ባለፈው ጥር በሐዋሳ ሐይቅ ዳር፣ ከአሞራ ገደል ብዙም በማይርቅ አንድ ግቢ ውስጥ፣ ከአርባ ዓመት ገደማ በፊት በዚያው ከተማ በሚገኘው የግብርና ኮሌጅ አብረን የተማርን ሃያ ስድስት ሰዎች ተሰባስበን ነበር። ምሳ ከተበላ በኋላ አስተባባሪዎቹ ወንበሮቹን በክብ አስደረደሩና እያንዳንዳችን ለሦስት ለሦስት ደቂቃ እየተነሣን ስለ ኑሯችን እንድናወራ ጠየቁን። አንዱ ልጆቹን አስተምሮ ለወግ ለማዕረግ ማብቃቱን፣ ሌላው ጡረታ ከወጣ በኋላ የዶሮ እርባታ መጀመሩን፣ ከጥቂቶቹ ሴት ጓደኞቻችን አንዷ ደግሞ ሁለት የልጅ ልጆች እያሳደገች መሆኗን ነገሩን። ተራው የዶርም ጓደኛዬ ዘንድ ሲደርስ፣ በቅጡ እንኳ ሳይቆም «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ» ብሎ መልሶ ተቀመጠ። ለእርሱም እንደ ሌሎቹ ተጨበጨበለት፤ ማይክራፎኑም ወደሚቀጥለው ሰው አለፈ።

በማግስቱ ማለዳ ሁለታችን ብቻ በሐይቁ ዳርቻ ስንራመድ፣ ባለቤቱ በስትሮክ ተመትታ አልጋ ላይ ከዋለች ሁለት ዓመት እንዳለፋት አወጋኝ። ከዲላ የመጣበትን የመኪና ገንዘብ የተበደረው ከልጁ ነው። ለዝግጅቱ የተጠየቀውን መዋጮ ለመክፈል ደግሞ የጓሮውን ቡና አድርቆ ዋጋ እስኪያወጣለት መጠበቅ ስላልቻለ፣ በእሸቱ ለነጋዴ ሸጦታል። ይህን ሁሉ ሲነግረኝ ድምፁ ውስጥ ምሬት አልነበረም። የነገረኝም እንዴት እንደ መጣ ስለ ጠየቅሁት ብቻ ነው።

ከዚያ ቀን ወዲህ ስለ እኛ ዕድሜ ሰዎች መሰባሰብ ደጋግሜ አስቤያለሁ። ዛሬ በየቦታው ከስድሳ ያለፉ የኮሌጅ ጓደኞች በቴሌግራም እየተጠራሩ መገናኘት ጀምረዋል፤ ይህም እሰየው የሚያሰኝ ነገር ነው። ይሁን እንጂ ዝግጅቱን የምናሰናዳበት መንገድ፣ መገናኘቱ ከማንም ይልቅ የሚያስፈልጋቸውን ጓደኞቻችንን በራፍ ላይ እያስቀረ ነው የሚል እምነት አድሮብኛል።

በመጀመሪያ፣ ይህ መገናኘት ለምን ይህን ያህል እንደሚያሳሳኝ ልናገር። ሰው ሲያረጅ «አንተ» ብሎ የሚጠራው ሰው እያለቀበት ይሄዳል። እናትና አባት ያልፋሉ፤ ታላላቅ ወንድምና እኅት ይከተላሉ። መሥሪያ ቤት ውስጥ ለሠላሳ ዓመት «አቶ እገሌ፣ እርስዎ» ሲባል የኖረ ሰው፣ ጡረታ በወጣ ማግሥት ሰፈር ውስጥ «ጋሼ» ወይም «አባባ» ይሆናል። ክብሩ ደግ ነው፤ ግን በክብሩ ውስጥ የሚገባው ሰው ብቻውን ነው። በአሥራ ስምንት ዓመቱ በአንድ ክፍል አብሮት ያደረ፣ ለፈተና ሲያጠና ሻማ ያበራለት፣ ከቤቱ ደብዳቤ ሲመጣለት አብሮት ያነበበ ሰው ግን ዛሬም «አንተ» ይለዋል፤ በዶርም ስሙም ይጠራዋል። ይህን የሚያደርግለት ሌላ ሰው በምድር ላይ ላይኖረው ይችላል። ስለዚህ ከስድሳ ዓመት በኋላ የኮሌጅ ጓደኛ የሚያጣ ሰው የሚያጣው ወዳጅ ብቻ ሳይሆን፣ ወጣትነቱን ያየለትን የመጨረሻ ምስክር ጭምር ነው።

ተቋሙ ይሰበስበናል ብለንም መጠበቅ አንችልም። ኮሌጃችን በ1968 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ተቋቋመ፤ በ1992 ዓ.ም. ከወንዶ ገነቱ የደን ኮሌጅና ከዲላው ኮሌጅ ጋር ተጣምሮ ደቡብ ዩኒቨርሲቲ ሆነ፤ ቆይቶም የዛሬውን የሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ስም ያዘ። ስሙና አስተዳደሩ እንዲህ በተለዋወጠ ቁጥር የቀድሞ ተማሪዎቹ መገኛ የሚታወቀው እኛው እርስ በርሳችን በያዝነው የስልክ ቁጥር ብቻ ነው።

ወደ ኪስ ጉዳይ ልግባ፤ ሰው የሚቀረው ብዙ ጊዜ በዚህ ነውና። በአገራችን የመንግሥት ሠራተኛ ጡረታ የሚወጣው በ60 ዓመቱ ነው። የጡረታ አበሉ የሚሰላው በመጨረሻዎቹ ሦስት ዓመታት አማካይ ደመወዝ ላይ ሲሆን፣ ለመጀመሪያዎቹ 10 ዓመታት አገልግሎት 30 በመቶ፣ ከዚያ በላይ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት ደግሞ ለሲቪል ሠራተኛ 1.25 በመቶ ይታሰባል፤ ጣሪያው 70 በመቶ ነው። በዚህ ስሌት 30 ዓመት ያገለገለ ሰው የሚያገኘው የአማካይ ደመወዙን 55 በመቶ ነው። አንድ ቀን ተመርቀን፣ አንድ ዓይነት ወንበር ላይ ተቀምጠን፣ እኩል ዓመት ያገለገልን ሁለት ሰዎች እንኳ፣ አንዳችን ከደመወዝ ማሻሻያ በፊት ሌላችን ከማሻሻያው በኋላ በመውጣታችን ብቻ አበላችን በጣም ሊራራቅ ይችላል። አበሉ በየጊዜው ቢሻሻልም የገበያውን ዋጋ ተከትሎ መድረስ አልቻለም፤ በተለይ ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ለውጥ ወዲህ የመድኃኒት ዋጋ ምን እንደ ሆነ የደም ግፊትና የስኳር ሕመምተኛ የሆነ ጡረተኛ ሁሉ ያውቀዋል።

ከመንግሥት ሥራ ቀደም ብለው የወጡት ጓደኞቻችን ሁኔታ ደግሞ ሌላ ነው። የግል ድርጅት ሠራተኛ በጡረታ ሥርዓት የታቀፈው በ2003 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ነው። ከዚያ በፊት በግል እርሻና በልዩ ልዩ ድርጅት ሲሠሩ የቆዩት በእጃቸው የቀረው፣ ካለ፣ ፕሮቪደንት ፈንድ የሚባለው፣ ከሠራተኛውና ከአሠሪው ተዋጥቶ ሲለቁ በአንድ ጊዜ የሚከፈል ገንዘብ ነው፤ እርሱም ቤት ተሠርቶበት ወይም ልጅ ተድሮበት ካለቀ ቆይቷል። ወር በመጣ ቁጥር የሚጠብቁት ነገር የላቸውም።

አሜሪካ ያሉት ጓደኞቻችንም ቢሆኑ እንደምናስበው አይደሉም። እዚያ ሙሉ የጡረታ አበል ለማግኘት የእኛ ዕድሜ ሰው 67 ዓመት እስኪሞላው መጠበቅ አለበት። እኛ እዚህ ከሥራ ከተሰናበትን በኋላ፣ እዚያ ያለው ጓደኛችን ገና ሌሊት ሌሊት የመኪና ማቆሚያ እየጠበቀ ያነጋል። በቪዲዮ ሲደውልልን ከኋላው የሚታየውን ቤት እንጂ የቤቱን ዕዳ አናይም፤ የቡድናችን ትልልቅ ወጪ ሁሉ የሚጫነውም በእርሱ ላይ ነው።

ይህን ሁሉ እያወቅን መዋጮ ስንተምን የምናስበው የአዳራሹን ኪራይ፣ በስማችን የታተመውን ቲሸርትና ባነሩን ነው። አንዳንድ ጓደኞቼ ለዚህ የሚያቀርቡት መፍትሔ «የሌለው አይክፈል» የሚል ነው። ከቅን ልብ የመጣ ሐሳብ መሆኑን አልጠራጠርም፤ ግን አልስማማበትም። በእድርም በማኅበርም እንደምናውቀው፣ ሰው በእኩልነት የሚቀመጠው እኩል ስላዋጣ ነው። «አንተ ነፃ ነህ» የተባለ ሰው ከሚሸማቀቅ ቤቱ መቅረትን ይመርጣል። መዋጮው ሁሉም ያለ ጭንቅ ሊከፍለው እስከሚችለው ድረስ ዝቅ ይበልና ሁሉም እኩል ይክፈል። ቲሸርቱ ይቅር። አዳራሹም ይቅር፤ ሐይቁ ዳር ያለው የዋርካ ጥላ ለሃያ ስድስት ሰው ይበቃል፤ ዓሣውም ከጀልባ እንደ ወረደ አሞራ ገደል ይገኛል። ከዚያ በላይ መስጠት የሚሻ ሰው ቢኖር በስውር ለመጓጓዣ ይስጥ፤ ከአዲስ አበባ ሐዋሳ 275 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ከጎጃም ወይም ከወለጋ ለሚነሣ ጡረተኛ ደግሞ ዋናው ወጪ መንገዱ ነው።

ሌላው ጉዳይ የወጉ ነገር ነው። በክብ ተቀምጦ ሦስት ደቂቃ መናገር የሚመቸው ደስ የሚል ዜና ላለው ሰው ነው። በዚህ ሐሳቤ የማይስማሙ ሰዎች አሉ፤ ሰው ገመናውን በአደባባይ ማውጣት የለበትም፣ ለአንድ ቀን ተገናኝተን ለምን እንላቀሳለን ይላሉ። ገመናን መጠበቅ ትልቅ ነገር ነው፤ እኔም ጓደኛዬ ሰው ሁሉ ፊት ቆሞ የቤቱን ችግር እንዲዘረዝር አልፈልግም። የምለው ማይክራፎኑን አስቀምጠን ሁለት ሁለት ሆነን ለመራመድ የሚበቃ ሰዓት እንተው ነው። እርሱ ለእኔ የተናገረው በእግር ጉዞው ላይ ነው፤ ጎን ለጎን ስንሄድ ዓይን ለዓይን ስለማንተያይ ይመስለኛል።

የሚነገረውም ችግር ብቻ አይደለም። የእኛ ትውልድ የግብርና ባለሙያ ተመርቆ በወጣበት ዘመን ደርግ ተበታትኖ የሚኖረውን ገበሬ አንድ ቦታ የሰበሰበበት የመንደር ምሥረታ በየአውራጃው ይካሄድ ነበር። ገበሬው የአባቱን ቤት አፍርሶ እንጨቱን ተሸክሞ ወደ ተመደበለት ቦታ ሲሄድ፣ ቦታውን በገመድ ለክቶ የሚጠብቀው በሃያዎቹ መጀመሪያ ላይ የሚገኝ ከመካከላችን የሆነ ልጅ ነበር። ሥርዓቱ ሲለወጥ ገበሬው መንደሩን ጥሎ ወደ ቀድሞ ቦታው ሲመለስም እዚያው ነበርን። ቀጥሎ በግብርና ኤክስቴንሽኑ ዘመን ዳፕና ዩሪያ የተባለውን ማዳበሪያ በብድር አከፋፍለን፣ ዝናብ በቀረበት ዓመት ዕዳ ሰብሳቢ ሆነን የገበሬውን በር ያንኳኳንም አለን። በዚያ የጥር ቀን ማታ፣ ክቡ ከተበተነ በኋላ፣ አንድ ጓደኛችን ገመድ ይዞ ሲለካ ስለ ረገመችው አንዲት አሮጊት ነገረን። ለባለቤቱም ለልጆቹም ነግሮ አያውቅም። እኛ ግን ያንኑ ገመድ ይዘን ስለ ነበር ለማስረዳት አልተቸገረም። ለሦስት ደቂቃው ንግግር ሲነሣ የነገረን ስለ ልጁ ሠርግ ነበር።

እንዲህ ያለው ወግ ጊዜ ይፈልጋል፤ ጊዜያችን ደግሞ እያጠረ ነው። የቴሌግራም ቡድናችንን ወደ ኋላ እየገለበጥሁ ባየው፣ ከበዓል ምኞት ቀጥሎ የሚበዛው የኀዘን መልእክት ነው። «ነፍስ ይማር» እያልን በተርታ ከጻፍንላቸው መካከል፣ በሕይወት ሳሉ አንድም ቀን ያልደወልሁላቸው አሉ። ለአንደኛው ቀብር መቶ ኪሎ ሜትር ተጉዣለሁ፤ ታሞ በተኛበት ስድስት ወር ግን አንድ ጊዜ እንኳ ደጁን አልረገጥሁም። ለቀብር የማይቀር ሰው ለጥየቃ የሚቀረው ለምን እንደ ሆነ ራሴን ጠይቄ ያገኘሁት መልስ፣ ለቀብር ጥሪ ስለሚደርሰኝ ነው የሚል ብቻ ነው።

ስለዚህ በመጪው ስብሰባ ላይ ለጓደኞቼ ያዘጋጀሁት ሐሳብ ይህ ነው፤ ከስብሰባው ሁለት ወር በፊት አብረን የተማርነው የባቹ ልጆች ሁሉ ስም ዝርዝር ይውጣ፤ መልስ ያልሰጠ ወይም «አይመቸኝም» ያለ ሰው ሁሉ ለአካባቢው ቅርብ ለሆነ ጓደኛ ይሰጥ፤ ያም ሰው በስልክ ሳይሆን በአካል ሄዶ ይየው። መምጣት ከቻለ አብሮት ይምጣ። ካልቻለ የኑሮውን ወሬ እርሱ በፈቀደው መጠን ይዞልን ይምጣ፤ የእኛንም ይውሰድለት። ለዚህ አዲስ ማኅበር ማቋቋም፣ ማኅተም ማስቀረጽ፣ ሊቀመንበር መምረጥ አያስፈልግም። አልጋ ላይ ያለች ሚስት ትቶ መውጣት ያልቻለ ሰው ከኖረም፣ ስብሰባው ራሱ ወደ እርሱ ከተማ መሄድ ይችላል።

እኔና ሁለት ጓደኞቼ ክረምቱ ሳይገባ ወደ ዲላ ለመውረድ ተቀጣጥረናል። አንዳችን ከይርጋ ዓለም ላይ ይቀላቀለናል። ለዶርም ጓደኛዬ ስልክ ስደውል ያነሣው ልጁ ነበር፤ «አባባ፣ ጋሼ እገሌ ናቸው» ብሎ ሲያቀብለው፣ ከወዲያ በኩል በዶርም ስሜ ጠርቶኝ፣ «አንተ፣ ስንት ሆናችሁ ነው የምትመጡት?» አለኝ።